ከማጀት ጨረቃ አትታይም

በዓለም ላይ ከሚከበሩ በዓላት መካከል ዋናው ነገሩ ያለ ዋጋ የሚገኝ በዓል ጥቀስ ብትሉኝ፣ እኔ የምሥራቅ እስያን የመኸር ጨረቃ በዓል እጠቅሳለሁ። የበዓሉ እምብርት ቀና ብሎ ጨረቃን ማየት ነው። ጨረቃን ደግሞ የሚሸጣትም የሚገዛትም የለም። ባለጠጋው ከሰገነቱ፣ ድኻው ከደጃፉ ሆኖ የሚያያት ያቺኑ አንዷን ነው። እሷን ለማየት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ደመና የሌለው ሰማይና፣ ደጅ ወጥቶ ቀና ለማለት የምትበቃ ትንሽ ፋታ።

የደመናው ነገር ከሰው ሥልጣን በላይ ነውና እንለፈው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለተኛዋ፣ ስለ ፋታዋ ነው። ማን ያገኛታል? ማንስ ሳያገኛት በዓሉ ያልፋል? ጥያቄው ሲያዩት ተራ ይመስላል። ሲቆዩበት ግን ስለ ምስጋና፣ ስለ ዕዳና ስለ ፍትሕ የሚያስጨንቅ ነገር ይዞ ይመጣል።

በመጀመሪያ በዓሉን እንተዋወቀው። የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች በጥንቱ የጨረቃ አቆጣጠራቸው የስምንተኛው ወር 15ኛ ሌሊት ሲደርስ፣ ጨረቃዋ ሙሉ፣ አዝመራውም የደረሰ ነውና ያከብሩታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእኛ መስከረም ውስጥ ነው። ቻይናዎች በመካከሉ የጨው ዳክዬ እንቁላል አስኳል እንደ ጨረቃ የተቀመጠበትን ክብ ኬክ ቆርሰው ይካፈላሉ። ቬትናሞች ለልጆች ፋኖስ ይሰጡና ሰፈሩን በብርሃን ያጥለቀልቁታል። ጃፓኖች ረጃጅም የሜዳ ሣርና የሩዝ ድብልብል ለጨረቃዋ ያቀርባሉ፤ በአንዳንድ አካባቢም ልጆች ያንን ድብልብል ቢሰርቁ ማንም አይቆጣቸውም፤ እንዲያውም እንደ መልካም ገድ ይቆጠራል። ኮርያዎች ደግሞ ቹሶክ ይሉታል። የእኔ ጨዋታ ወደዚህኛው ያዘነብላል፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1951 ከዘመቱባት ወዲህ ኮርያ ለእኛ ጨርሳ ባዕድ አይደለችም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቹሶክ በደቡብ ኮርያ የሦስት ቀን ዕረፍት ነው፤ ዋዜማው፣ ዕለቱና ማግስቱ። ከሴኡል ወደየአገር ቤቱ የሚተመው መኪና አውራ ጎዳናውን ስለሚሞላው፣ በሌላ ቀን አምስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው የሴኡልና የፑሳን መንገድ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል። ያም ሆኖ ይሄዳሉ። በበዓሉ ማለዳ ቤተሰቡ አዲሱን ሩዝ፣ አዲሱን ፍሬና መጠጡን በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ለሞቱት አያት ቅድመ አያቶች ይሰግዳል። ይህን ሥርዓት ቻሬ ይሉታል። ከዚያ አስቀድሞ አረሙ ወደታጨደው መቃብር ይኬዳል።

እውነቱን ልናገርና፣ ከዚህ የበለጠ ያማረ ሐሳብ ጥቂት ነው። የዘንድሮው እህል የሕያዋን አፍ ከመንካቱ በፊት፣ መሬቱን መንጥረው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ውኃውን ጠልፈው ላለፉት ይቀርባል። «እኛ የበላነው እናንተ ስላረሳችሁት ነው» እንደማለት ነው። ሰው ራሱን በራሱ የሠራ እየመሰለው በሚኩራራበት በዚህ ዘመን፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ «እኔ ከእናንተ የተቀበልኩ ነኝ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። የዚህን በዓል መጥፋት የሚመኝ ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ግን እስቲ ከጠረጴዛው ጀርባ ዞር እንበልና ወደ ማጀቱ እንግባ።

በቆየው ልማድ መሠረት ሥርዓቱ የሚፈጸመው በታላቁ ወንድ ልጅ ቤት ነው። ምራቶች በዋዜማው ይደርሳሉ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ፣ ጥብስ ይጀመራል። ዓሣው፣ ሥጋው፣ ዱባው፣ አረንጓዴ ሽንኩርቱ በዱቄትና በእንቁላል እየተለወሰ በዘይት ይጠበሳል፤ ጆን ይሉታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሰዓታት ቁጢጥ ተብሎ ነው። የዘይቱ ሽታ ከፀጉርም ከልብስም አይለቅም። በማግሥቱ ወንዶቹ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ተሰልፈው ይሰግዳሉ። የሚሰገድላቸው ሙታን የባልየው አባት፣ የባልየው አያት፣ የባልየው ቅድመ አያት ናቸው። ያቺ ሌሊቱን ስትጠብስ ያደረች ሴት አንዳቸውንም አታውቃቸውም ይሆናል። የእሷ ሙታን ሌላ ቦታ ናቸው። በሕይወት ያሉት እናትና አባቷም በዚያው ሰዓት በራሳቸው ቤት ተቀምጠው «ልጃችን ከሰዓት በኋላ ትደርስ ይሆን?» እያሉ በር በር ያያሉ።

ኮርያዎች ለዚህ ነገር የበዓል ሕመም የሚል ስም አውጥተውለታል። ራስ ምታት፣ የምግብ አለመፈጨት፣ የወገብ ሕመም፣ መከፋት። ጋዜጦቻቸውም በየዓመቱ በዓሉ ባለፈ ማግስት የፍቺ አቤቱታ ከፍ እንደሚል ይጽፋሉ። አስቡት እንግዲህ! ቤተሰብ ሊሰበሰብበት የተሠራ ቀን ቤተሰብ የሚፈርስበት ሰበብ ሲሆን።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ የሚመጣው። ለአባቶቼ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በሌላ ሰው ጉልበት ብከፍለው፣ ከፈልኩ ይባላል ወይ?

የገንዘብ ዕዳ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው። ሺህ ብር ካለብኝና ወንድሜ ቢከፍልልኝ ዕዳው ተከፈለ፤ ገንዘብ የማንም እጅ ይሁን ገንዘብ ነው። ምስጋና ግን እንደዚያ አይደለም። ምስጋና ከአመስጋኙ ሲለይ ባዶ ቃል ይሆናል። ልቤ ያልተነካበት፣ እጄ ያልደከመበት፣ እንቅልፌን ያላጣሁበት ምስጋና የማን ምስጋና ነው? የደከመችው እሷ ናት፤ የሚመሰገኑት የእኔ አባቶች ናቸው፤ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አባቶቹን ያከብራል» ተብዬ የምመሰገነው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሁሉም አንድ ነገር ያገኛል፤ ከእሷ በቀር።

«ተው እንጂ! ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይሰግዳል፤ ሥራ መከፋፈል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ክርክር ነው፤ አልንቀውም። ሥራ መከፋፈል ባይኖር የትኛውም ቤት አይቆምም። ግን የሥራ ክፍፍልን ከጭነት የምንለይበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። «ዘንድሮ ቦታ እንለዋወጥ» ማለት ነው። «እሺ፣ ምን ችግር አለ!» የሚል መልስ ከመጣ ክፍፍል ነው። ቤቱ በሙሉ ደንግጦ፣ አማት ደረቷን ይዛ፣ አጎት ሳል ሳል ካለው ግን ነገሩ ክፍፍል አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ አንዱ ባለ በዓል፣ ሌላው የበዓሉ ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከወንዶቹ ሳይሆን ከአማትየዋ ነው። «እኔም አልፌበታለሁ» ትላለች። እኔም በዚህ ቤት ለ40 ዓመት ጠብሻለሁ፤ አማቴ ፊት ቀና ብዬ ሳልናገር ነው የኖርኩት፤ አንቺ ምን ስለሆንሽ ነው?

ይህችን ሴት ቶሎ አንፍረድባት። «ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ነበር» ብላ ብታምን፣ የሚያልቅላት አንድ ልማድ ብቻ አይደለም። የ40 ዓመት ድካሟ፣ ሳትቀመጥ ያለፈቻቸው በዓሎች፣ ያልተቀበረ እንባዋ ሁሉ በከንቱ ነበር ማለት ይሆንባታል። ይህን መሸከም ከጥብሱ ይከብዳል። ስለዚህ ልማዱን ስትከላከል የምትከላከለው የራሷን ዕድሜ ነው። ግን ደግሞ አንድ ነገር እንይ። ለዚህች ሴት ባለዕዳ የሆነ ሰው አለ፤ የድካሟን ዋጋ ያልከፈላት ሰው አለ። ያ ሰው ምራቷ አይደለችም። ምራቷ ያኔ አልተወለደችም ነበር። በደል ከሠራው ላይ ሳይሆን ከኋላ ከመጣው ላይ ሲሰበሰብ ውርስ ይሆናል። በብዙ አገር «ባህል» እያልን ከምንጠራው ነገር ውስጥ ጥቂቱ እንዲህ ያለ፣ ካልተበደረ ሰው ላይ የሚሰበሰብ ዕዳ ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ታሪኩ ነው። በ1145 የተጠናቀረው ሳምጉክ ሳጊ የተባለው የኮርያ ታሪክ መጽሐፍ የዚህን በዓል አመጣጥ ሲተርክ፣ መነሻውን በ24 ዓ.ም. ወደነገሠው ወደ ሺላው ንጉሥ ዩሪ ዘመን ይወስደዋል። ንጉሡ የመዲናይቱን ሴቶች በሁለት ቡድን ይከፍላል፤ ሁለቱን ልዕልቶች አለቃ ያደርግላቸዋል። ሴቶቹ ከሰባተኛው ወር አጋማሽ እስከ ስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን ሲሸምኑ ይከርማሉ። በመጨረሻው ቀን ሥራው ይለካል፤ የተሸነፈው ቡድን ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ አሸናፊውን ይጋብዛል። ከዚያ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ጨዋታ ይሆናል። በዓሉንም ጋቤ አሉት።

ልብ በሉ! በትረካው ውስጥ ይህ በዓል የሴቶች ድካም የተለካበት፣ የተቆጠረበት፣ የተመሰገነበት ቀን ነበር። የሠራችው ተቀምጣ የምትጋበዝበት ቀን። በዘመናት ውስጥ ይህ ቀን እንዴት ተገልብጦ ሴቶች የማይቀመጡበት ቀን ሆነ ብሎ መጠየቅ የባህል ጠላትነት አይመስለኝም። እንዲያውም ባህሉን ከሥሩ ማስታወስ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኮርያ ደግሞ ጋንግጋንግሱሌ የሚባል የሴቶች ጭፈራ አለ። በቹሶክ ሌሊት ከጨረቃዋ በታች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዞራሉ። ዩኔስኮ በ2009 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የዚህን ጭፈራ ምንነት የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ የገጠር ወጣት ሴቶች በሌላው ጊዜ ጮክ ብለው መዝፈንም ሆነ በምሽት መውጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። በዓመት አንድ ሌሊት ግን ይለቀቁ ነበር። ያቺ አንድ ሌሊት ምን ያህል ትጣፍጥ እንደነበር መገመት አያቅትም። ቀሪዎቹን ሌሊቶች መገመትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ባንቦጊ ነው። ያገባች ሴት እንደልቧ ወደ ወላጆቿ ቤት መሄድ በማትችልበት በጥንቱ ዘመን፣ አዝመራው ገባ፣ ቹሶክም አለፈ ሲባል፣ እናትና ልጅ ቀን ይቆርጣሉ። እናት ከመንደሯ፣ ልጅም ከባሏ መንደር ይነሱና ከመንገዱ መካከል፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ወይም ከአንድ ኮረብታ ሥር ይገናኛሉ። ያመጡትን ምግብ ይፈታሉ። ግማሽ ቀን ያወጋሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቱ ወደ ባሏ ቤት፣ እናትም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የቃሉ ትርጉም «ግማሽ መተያየት» ነው። መንገዱም ግማሽ፣ ቀኑም ግማሽ፣ ናፍቆቱም ግማሹ ብቻ የሚወጣበት። ለሰው አባቶች ሙሉ ማዕድ ስታሰናዳ የከረመች ሴት ለገዛ እናቷ የሚደርሳት ግማሽ ቀን ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ዝም አልኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ እንምጣ። በሴኡል ከ1398 ጀምሮ የኖረ ሱንግኪዩንኳን የተባለ የኮንፊሽየስ ትምህርት ማዕከል አለ። የአባቶች ክብር፣ የሥርዓት ነገር ሲነሣ የመጨረሻው ቃል የሚጠበቀው ከእሱ ነው። ይህ ተቋም በመስከረም 2022፣ ቹሶክ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጋዜጠኞች ጠርቶ መግለጫ ሰጠ። የሚበቃው ማዕድ ይህ ነው አለ፤ የሩዝ ሙልሙል፣ አትክልት፣ ጥቂት የተጠበሰ ሥጋ፣ ኪምቺ፣ ፍራፍሬ፣ መጠጥ። ቢበዛ ዘጠኝ ዓይነት። በዘይት የሚጠበሰው ጆንስ? አያስፈልግም! እንዲያውም የሥርዓት ሊቅ የነበረው ኪም ጃንግሴንግ (1548-1631) በዘይት የተጠበሰ ነገር ለዚህ ሥርዓት ማቅረብ ተገቢ እንዳልሆነ መጻፉን ጠቀሱ። ፍራፍሬው በቀለም ተለይቶ ቀዩ በምሥራቅ፣ ነጩ በምዕራብ ይደርደር የሚለውም በጥንት የሥርዓት መጻሕፍት የለም አሉ።

እስቲ ይህን ዜና በዚያ ሰሞን ምጣድ ፊት ቁጢጥ ብላ የሰማችውን ሴት አስቧት። ለስንት ዓመት? በስንት ኪሎ ዱቄት? በስንት የተቃጠለ ጣት? ያ ሁሉ በመጽሐፍ የለም! ያዘዘው ሊቅ የለም፤ ያዘዘው ሕግ የለም። ከመጽሐፉም አልፎ ሊቁ ከልክሎት ነበር።

ታዲያ ማን አዘዘው? ማንም። የዚህ ዓይነት ሸክም ክፋቱ ይኸው ነው። አንዱ ቤት አንድ ሳህን ይጨምራል፤ ጎረቤት «ከእነሱ እናንሳለን እንዴ?» ብሎ ሁለት ይጨምራል፤ ልጁ ያየውን «የአባቴ ሥርዓት» ብሎ ይይዛል፤ የልጅ ልጁ «ከጥንት ጀምሮ» ይላል። ሳህን መጨመር ፍቅር ይመስላል፤ ሳህን መቀነስ ግን ንቀት ይመስላል። ስለዚህ ማዕዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያድጋል። ለመጨመር ፈቃድ የጠየቀ ሰው የለም፤ ለመቀነስ ግን ከ1398 ጀምሮ የኖረ ተቋም መግለጫ መስጠት አስፈለገው።

ቻይናዎችም ዘንድ ይኸው በሽታ በሌላ መልክ አለ። የጨረቃ ኬክ የሚቆረሰው ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲካፈለው ነበር። ቆይቶ ግን ለአለቃ፣ ለባለሥልጣን፣ ለደንበኛ የሚላክ ስጦታ ሆነ። ሳጥኑ አደገ፤ በሳጥኑ ውስጥ ውድ መጠጥና የከበረ ማዕድን ገባ። ከዚያም ኬኩ ቀርቶ የኬክ ኩፖን ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። በሰፊው የሚነገር አንድ ቀልድ መሳይ እውነት አላቸው፤ ኩፖኑ ከፋብሪካ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ የተሰጠው ሰው ለነጋዴ ይሸጠዋል፣ ነጋዴው መልሶ ለፋብሪካው ይሸጠዋል። ሁሉም አተረፈ፤ ኬኩ ግን ጨርሶ አልተጋገረም! በ2013 መንግሥታቸው በሕዝብ ገንዘብ የጨረቃ ኬክ ገዝቶ ማደልን ከለከለ። በ2022 ደግሞ ከመጠን ያለፈ ማሸጊያን የሚገድብ ደንብ ወጣ፤ ዋጋቸው ከ500 ዩዋን የሚያልፉ ሳጥኖችም ቁጥጥር ተጠናከረባቸው።

የአለቃና የምንዝር ሸክም ባለቤት ስላለው ሕግ ይደርስበታል። በኮርያም ሕግ የቻለውን አድርጓል። ቤተሰብን በወንድ አባወራ ሥር የሚመዘግበውን ሥርዓት ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2005 ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም አለ፤ ከ2008 መግቢያ ጀምሮም ቀረ። በዚያው በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው አዋቂ ሴቶች እንደ ወንዶቹ ሁሉ የጎሳቸው ማኅበር አባል መሆን እንደሚገባቸው ወሰነ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ዳኛ ማጀት ገብቶ «አንተ ተነሥ፣ ምጣዱን ያዝ» አይልም። ፖሊስ ሳህን አያሳጥብም። እዚያ የሚሠራው የሰው ኅሊና ብቻ ነው።

«እንግዲያው በዓሉ ይቅራ!» የሚሉም አሉ። በቹሶክ ሰሞን አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ውጭ አገር በሚጓዙ ሰዎች ይጨናነቃል። ከገበያ የተዘጋጀ የሥርዓት ማዕድ ገዝቶ የሚያቀርብም ሞልቷል። ምጣዱን ሸሽታ የሄደችውን ሴት አልወቅሳትም፤ ሸክም የከበደው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወርውሮ መሮጥ ነው። ግን ደግሞ በዓሉ የቀረባቸውን ቤቶችም አስቡ። በገጠር፣ በዚያ ሙሉ ጨረቃ ሥር፣ ማንም ያልመጣላት አንዲት አሮጊት በረንዳዋ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ምናልባት ይህችው ያቺ «እኔም አልፌበታለሁ» ያለችው ሴት ናት። የ40 ዓመት ጥብሷ መጨረሻው ባዶ ግቢ ሆነ። በዓሉን የገደለው የልጆቿ መሰልጠን ነው ብለን ልናማርር እንችላለን። እኔ ግን በዓሉን የገደሉት «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ተቀምጠው የጠበቁት ይመስሉኛል። ጭነት ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ሲሆን፣ ያ ትከሻ ዘንበል ባለ ቀን ሁሉም ይፈሳል።

ይህን ሁሉ የምለው ለኮርያ ሴቶች ጠበቃ ሆኜ ለመታየት አይደለም። እነሱ ጠበቃ አያሻቸውም፤ የራሳቸውን ነገር ራሳቸው ተናግረዋል። የምለው ስለራሴ አፍሬ ነው። እናቴን በበዓል ቀን ከሰው ጋር ገበታ ቀርባ ስትበላ አስታውስ ዘንድ ብዙ ሞከርኩ። ሲነሣ አያታለሁ፣ ሲቀርብ አያታለሁ፣ «ብሉ እንጂ» ስትል እሰማታለሁ። ስትቀመጥ ግን አላገኘኋትም። ይባስ ብሎ ያኔ ይህን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም። ከማየት ይልቅ መጥገብ ይቀድም ነበር።

ወደ ጨረቃዋ ልመለስና ላብቃ። ኮርያዎች ለቹሶክ የሚሠሩት የሩዝ ሙልሙል ሶንግፒዮን ይባላል፤ በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት የሚበስል ነው። የሚገርመው፣ በሙሉ ጨረቃ በዓል የሚበላው ይህ ሙልሙል ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ ነው። ለምን ቢባሉ አንድ ተረት ያነሣሉ። በ660 የቤክጄ መንግሥት ንጉሥ ኡይጃ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ኤሊ አመጡለት። በጀርባው ላይ ቤክጄ እንደ ሙሉ ጨረቃ፣ ሺላ እንደ አዲስ ጨረቃ ናት የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ጠንቋዩን ጠየቀው። «ሙሉ የሆነ መጉደል ይጀምራል፤ ያልሞላ ግን ይሞላል» አለው። ንጉሡ ተቆጥቶ አስገደለው። ሌላው መጣና «ሙሉ ማለት እኛ ኃያል ነን፣ እነሱ ደካማ ናቸው» ሲለው ንጉሡ ደስ አለው። በዚያው ዓመት ቤክጄ ወደቀች።

ጃፓኖችም ከሙሉዋ ጨረቃ ሌላ፣ በዘጠነኛው ወር 13ኛ ሌሊት ያልሞላችውን ጨረቃ ወጥተው ያያሉ፤ አንዷን አይቶ ሌላዋን መተው ደግ አይደለም ይባል ነበር። እነዚህ ሕዝቦች ሙሉነት እንደሚያስፈራ ያወቁ ይመስላል። የሞላ ማዕድ፣ ምንም ያልጎደለው ገበታ፣ አንድ ሳህን ያልቀረበት ድግስ ሲታይ «የጎደለው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ መጉደሉ አይቀርማ። ከገበታው ካልጎደለ ከሰው ጎድሏል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከማጀቱ።

ስለዚህ ማዕዱ ግማሽ ቢሆንስ? ጥብሱ ቀርቶ ሙልሙሉ ቢበቃስ? የባልም የሚስትም ሙታን በየተራ ቢታወሱስ? የሚሰግደው ልጅ በዋዜማው ቁጢጥ ብሎ ሊጡን ቢያድበለብልስ? ሙታኑ የሚቀየሙ አይመስለኝም፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ እረፍት የተመኙ ሰዎች ነበሩና። እናትና ልጅ ያኔ ከመንገድ መካከል የተገናኙት ሌላ አማራጭ አጥተው ነው። ዛሬ ግን ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት፣ ሽማግሌና ወጣት ወደው ከመንገዱ መካከል ቢገናኙ ማን ይከለክላቸዋል?

ጨረቃዋ እንደሆነች ቸኩላ አታውቅም። እራት ተበልቶ፣ ሁሉም እጁን ሰብስቦ አንድ አንድ ሳህን ቢያጥብ፣ ሥራው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ከዚያ አብሮ ደጅ መውጣት ነው።